«ካንሰር መሳይ» አትበሉን!

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ካንሰር አይደለም፣ ካንሰር መሳይ ነው።»

ይህን ከሐኪም አፍ የሰማ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? እልል ይላል፣ ስለቱን ያስገባል፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። እኔ የማውቃቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልጃቸው ከደረቱ ዕጢ ወጣለት። ውጤቱ ላይ «የታይመስ ካርሲኖይድ» ተጻፈ፣ በቃል ደግሞ «አያሰጋም» ተባለ። ቀጠሮ የለ፣ ክትትል የለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወገቤን ብሎ ሲመለስ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ጸቤ ከቃሉ ጋር ነው፤ እኔም ሐኪም ነኝና ነገሩ ራሴንም ይመለከታል።

«ካርሲኖይድ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው ኦበርንዶርፈር የሚባል ጀርመናዊ ፓቶሎጂስት ነው። ትንሹ አንጀት ላይ ያያቸው ዕጢዎች ቀስ ብለው የሚያድጉና የማይዛመቱ ስለመሰሉት «ካንሰር መሳይ» አላቸው። በ1929 ግን ሊዛመቱም እንደሚችሉ ራሱ ጽፎ አረመ። ሰውዬው ስህተቱን ካረመ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ግን አሁንም ታካሚ የምናጽናናው በመጀመሪያው ሐሳቡ ነው!

የታይመሱ ደግሞ ከአንጀቱም ይብሳል። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ፊት ለፊት የተቀመጠ ዕጢ ነው። በልጅነት የሰውነትን መከላከያ ሴሎች ያሠለጥናል፣ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ወደ ስብ ይለወጣል። እዚያ ውስጥ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣው ካንሰር እስከ 1972 ድረስ ከተራው ቲሞማ ጋር ተደባልቆ ይቆጠር ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው ሮዛይና ሂጋ ለይተው ያወጡት። አብዛኛው ሲገኝ ኃይለኛው ዓይነት ነው። ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ይሄዳል። ወጥቶ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ይመለሳል።

ከእነዚህ ዕጢዎች አንዳንዶቹ ኤሲቲኤች የሚባለውን ሆርሞን ያመርታሉ። ይህ ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ ሥራ ነበር። ትእዛዙ ከደረት ሲመጣ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ያለ ልክ ኮርቲሶል ይረጫሉ። ፊት ያብጣል፣ ግፊትና ስኳር ይወጣል፣ ፖታሲየም ይወርዳል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ቆዳ ይጠቁራል። አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ፤ የእንግሊዝ ሐኪሞች ከታይመስ ካንሰር ጋር አያይዘው የጻፉት በ1931 ነው፣ ኩሺንግ ዝነኛውን ጽሑፉን ከማውጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ።

ያ ልጅ ዕጢው ከመገኘቱ በፊት አንዱ ጋ የስኳር፣ ሌላው ጋ የግፊት፣ ሦስተኛው ጋ የፖታሲየም ኪኒን ተሰጥቶታል። ሰፈሩ «አስነክተውት ነው» አለ። በሰፈሩ አልፈርድም። እኛ ግን ተምረናል፤ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ዕጢው ሲወጣ ሆርሞኑ ወረደ፣ መልኩ ተመለሰ። ሁሉም «ዳነ» አለ። ያታለላቸው ይኸው ነው። የፊቱ እብጠት መጉደሉ ሆርሞኑ መቀነሱን እንጂ የካንሰሩን ማለቅ አያሳይም።

«ኧረ ብርቅ በሽታ ነው፣ ሰውን ለምን ታስፈራራለህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። ከመቶ የታይመስ ዕጢዎች ሁለት እስከ አምስት ቢሆን ነው። ታዲያ ብርቅ ስለሆነ በስሙ እንኳ አንጥራው? ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸው ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ፤ ቢመለስ ግን በጊዜ የሚደረስበት ክትትል ያለው ሰው ነው። ማንም «አያሰጋም» ተብሎ ለክትትል አይመለስም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለታካሚው ካንሰር መሆኑን ንገሩት። ፓቶሎጂስቶች ደግሞ በስሙ ብቻ አትለፉ፤ ምን ያህል ሴል እየተከፈለ እንደሆነ፣ የሞተ ሥጋ መኖር አለመኖሩን ጻፉ፣ የኃይሉ መጠን የሚለየው በዚያ ነው። ስለ ቤተሰቡም ጠይቁ። በተደጋጋሚ የኩላሊት ጠጠር፣ ከፍ ያለ ካልሲየም፣ የፒቱታሪ ወይም የጣፊያ ዕጢ ያለበት ዘመድ ካለ ነገሩ በዘር የሚወረሰው ሜን 1 ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሰዎች ላይ የታይመሱ ዕጢ ብዙ ጊዜ ሆርሞን ሳያመነጭ፣ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚያድገው። ቀጠሮውንም ሳትይዙለት አትሸኙት።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ፣ መሳቢያችሁ ውስጥ «ካርሲኖይድ» የሚል ወረቀት ካለ ዛሬውኑ አውጡትና «ቀጣዩ ሲቲ ስካን መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ቢቆጣም ጠይቁ።