ሁለት ፊደል ባለበት ቤት የሚያድግ አንባቢ

ከሰኮሩና ከሌሎች የጅማ ዙሪያ የቡና ከተሞች ወጥተው በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጃቸው የአማርኛ መጽሐፍ አልነካ ሲል ነገሩን በስንፍና መተርጎማቸው የተለመደ ነው። በራስ ንባብ ማለት ልጁ ራሱ መርጦ፣ ፈተና ሳይከተለው፣ በፈቀደው ፍጥነት የሚያነበው ንባብ ሲሆን፣ ይህ እንዲሆን ጽሑፉ ፊደል ለመፍታት ካለው አቅምም ከአእምሮው ብስለትም ጋር መመጣጠን አለበት። በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሁለቱ አብረው ያድጋሉ፤ በአማርኛ ግን የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ 231 ቅርጾች ያሉትን ፊደል ገና እየቆጠረ ሳለ የሚቀርብለት መጽሐፍ ለስድስት ዓመት ሕፃን የተጻፈ በመሆኑ፣ መጽሐፉን የሚዘጋው ሰንፎ ሳይሆን አፍሮ ነው።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ለሚነገሩበት የሰኮሩ ቤተሰብ ግን ሌላ በር አለ። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ልጁ የፊደሎቹን መልክ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚቀረው ኤክስ ‹ጠ›ን፣ ኪው ‹ቀ›ን፣ ሲ ‹ጨ›ን እንደሚወክሉ፣ የተደገመ አናባቢ ድምፁ እንደሚረዝም፣ የተደገመ ተነባቢም እንደሚጠብቅ መልመድ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያው የሆነው «ቡና» በግእዝ ፊደል ሁለት፣ በቁቤ አራት ፊደል ሲሆን ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። አንዱ ቋንቋ ሌላውን ያዳክማል የሚለው ስጋትም ብዙ መሠረት የለውም፤ የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት፣ በአንድ ቋንቋ የዳበረ የማንበብና የመረዳት ችሎታ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከአገር ርቆ የማንበቢያ ጽሑፍ ማዘጋጀትም አዲስ ነገር አይደለም። በሊሙ እናርያ በባርነት ኖራ፣ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ፣ ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ሆና በቃል የምታውቃቸውን ተረቶችና ዘፈኖች ጻፈች፤ ከኦሮሞው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጁት የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያም በ1894 ታተመ፤ ያውም በግእዝ ፊደል።

ዛሬ የዚያን ማንበቢያ ቦታ ሊይዝ የሚችለው አያት ከሰኮሩ ተረት እየነገረች በስልክ የምትልከው የድምፅ መልእክት ነው። ወላጅ ተረቱን በወረቀት ገልብጦ ቢሰጠው፣ ልጁ እያዳመጠ ጽሑፉን በዓይኑ ይከተላል፤ ያልፈታውን ፊደል ጆሮው ይሞላለታል፣ ታሪኩም ከዕድሜው አያንስም። ከዚያ በኋላ ግን «ምን ተረዳህ?» እያሉ እራት ላይ መመርመር ተገቢ አይደለም።

የልጁ ምርጫ ስለ ኃይል ማመንጫ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቢሆንም ሊነጠቅ አይገባም፤ እሱም ወደ ቤቱ ቋንቋ ንባብ ሊመልሰው ይችላል። ከሰኮሩ ብዙ የማይርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ውኃው ከመተኛቱ በፊት በሥፍራው ምን ይታረስ እንደነበር ግን ልጁ የሚያገኘው ሰኮሩ ላለው አጎቱ ጽፎ በመጠየቅ፣ መልሱንም ራሱ በማንበብ ነው።