«እሺ» አይበቃም!

እኛ ሐረሮች መብረር ሲያምረን በደንገጎ ጠመዝማዛ ወርደን ድሬዳዋ ላይ ነው የምንሳፈረው። ታዲያ ስለ አብራሪና ስለ ታወር ወሬ ምን አገባችሁ እንዳትሉን። የመግባባት ጉዳይ ከሆነ ከጁገል ሰው በላይ ማን ያውራ? ሸዋ በር ገበያ ያለች ሻጭ በአንድ ረፋድ ኦሮምኛ፣ ጌይ ሲናን፣ አማርኛና ሶማልኛ ትቀያይራለች። ያልሰማችውን ዋጋ «ስንት አልክ?» ብላ ታስደግማለች፤ ራሷም ደግማ ጠርታው ነው የምትመዝነው። አታፍርም። ብሯ ነዋ!

አየር ላይም ሕጉ ይኸው ነው። አብራሪው የታዘዘውን ከፍታና አቅጣጫ በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪው አዳምጦ ስህተት ካለ ያርማል። እንግሊዝኛ ማወቅ ብቻ አያድንም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ተነሪፍ ደሴት ሁሉም የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ጭጋጉ ከባድ ነው፤ ታወሩ አውሮፕላኖቹን አያይም። የኬ.ኤል.ኤም. ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» ዓይነት አሻሚ ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ቀጥሎ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ቢልም፣ በዚያው ቅጽበት ፓን አም «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» በማለቱ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ተበላሹ። ጥርት ብላ የተሰማችው ያቺ «ኦኬ» ናት። የኬ.ኤል.ኤም. የበረራ መሐንዲስ ፓን አም ከመንገዱ አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ወጥቷል አለ፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። 583 ሰው አለቀ።

ይህ ዝምታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አለቃ ሲናገር፣ ታላቅ ሲያዝ፣ ባይገባንም «እሺ» ነው መልሳችን። ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ያለ ተማሪ ይሳቅበታል። ያ ተማሪ ነው ነገ ረዳት አብራሪ የሚሆነው፤ ካፒቴኑን «ቆይ፣ ምን አሉ?» እንዲል የምንጠብቀውም ከእሱ ነው። ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት የሃያ ዓመት ልማድ በጥቂት ወራት ይነቅላል ብለን አናምንም።

የራሳችንንም እናንሳ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 4 ቀን 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ገና በግንባታ ላይ ባለ ማረፊያ አረፈ። የዛምቢያ ባለሥልጣን እንደተናገሩት ታወሩ «አናያችሁም» ብሎ ነበር፤ አብራሪው በዓይኑ ባየው ማኮብኮቢያ ወረደ። በዚያው ቀን ሌላ የመንገደኞች አውሮፕላናችንም እዚያው ሊያርፍ ተቃርቦ ተመልሶ ተነሳ። አየር መንገዱ በበኩሉ ስለ አዲሱ ማረፊያ ለአብራሪዎች የወጣ ማስታወቂያ አልነበረም አለ። ሰው ስላልተጎዳ ፌስቡክ ላይ ተቀለደበት፣ «ሪባን ቆረጥንላቸው» ተባለ። ግማሹ አብራሪውን ሰደበ፣ ግማሹ ዛምቢያን። እኛ ግን ስድቡን ትተን ስለዚያች «አናያችሁም» ብንጠይቅ ይሻለን ነበር፦ ማን ሰማት? የሰማት ካለ ምን መሰለችው? ከጎኑ የተቀመጠውስ ተናገረ ወይስ «እሺ» አለ?