ዋሱ ማን ነው?

በዛሬው ጊዜ በአንዳንድ የትምህርት ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች በኔትወርክ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው «ይህን ሰርተፊኬት በኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ብዙዎቻችንም ምንነቱን ሳንጠይቅ እንፈጽማለን። ኢንተርኔቱ ከሠራ ሌላው ምን ገዶን! እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነው ብለን አናምንም።

ለመሆኑ ሩት ሰርተፊኬት የሚባለው ምንድን ነው? በአገራችን ልማድ የማይታወቅ ሰው ገንዘብ ሲበደር ዋስ ይጠራል፤ አበዳሪውም ተበዳሪውን ባያውቀው ዋሱን አምኖ ይሰጠዋል። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። አንድ ድረ ገጽ «እኔ ባንክህ ነኝ» ሲለው «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዋሱ በመዝገቡ ካሉት የታመኑ ዋሶች አንዱ ከሆነ ይቀበለዋል። እንግዲህ ሩት ሰርተፊኬት መጫን ማለት በዚህ መዝገብ ላይ አዲስ ዋስ መጻፍ ነው። የዚያን ዋስ የምስጢር ቁልፍ የያዘና ኔትወርኩን የሚቆጣጠር ሰው ለማንኛውም ድረ ገጽ የሐሰት ምስክር ሊያወጣ፣ በመካከል ገብቶም ደብዳቤያችንንና የይለፍ ቃላችንን ሊያነብ ይችላል። ኮምፒውተሩም ዋሱን ስላመነ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ይህ የስጋት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ በጉግል ስም የሐሰት ሰርተፊኬት ወጣ፤ በዚህም በኢራን የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ለስለላ ተጋለጡ። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የካዛክስታን መንግሥት ሕዝቡ የመንግሥቱን ሩት ሰርተፊኬት እንዲጭን በቴሌኮም ድርጅቶች በኩል ሲያሳስብ፣ ጉግል፣ ሞዚላና አፕል ሰርተፊኬቱን አገዱት። ሙያው ዋስነት የሆነ ድርጅት እንኳ ከተደፈረ፣ ቁልፉ በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ዋስ እንደምን ያለ ጥያቄ ይታመናል?

አንዳንድ ወገኖች ይህ ሁሉ ቫይረስን ለመከላከል ነው ይላሉ። መሥሪያ ቤት በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ ቢያደርግ መብቱ ነው፤ ተማሪው በገንዘቡ የገዛው ኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። አሳቡ የተቋሙን ድረ ገጽ ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም የታመነ ሰርተፊኬት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቁልፉን ማን እንደያዘና ምን እንደሚነበብ በጽሑፍ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ የሰርተፊኬቱ የጣት አሻራ የሚባለው የፊደልና የቁጥር ረድፍ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወረቀት ይለጠፍ፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ ተለውጦ እንደሆነ ከመጫናችን በፊት አስተያይተን እንድናውቅ ነው። ሦስተኛ፣ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ሰርተፊኬቱን ከመዝገቡ እንዴት እንደሚሰርዝ ይነገረው።

ይህን መጠየቅ ዐመፅ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። «ይህ ዋስ ይበቃኛል» ማለት የሚገባውም አበዳሪው እንጂ ዋሱ ራሱ አይደለም።