ለግዳይ ወይስ ለእራት?

አያታችን አዳኝ ነበሩ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጎፈሬና ጎራዴ ነው። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የጣለ ይፎከርለታል፤ ፎቶውም ከሳሎን አይወርድም። በወጥመድ ሚዳቋ ይዞ ለልጆቹ ያበላውን ገበሬ ግን ማን ያነሳዋል?

ሰሞኑን እዚሁ ወሎ ሰፈር ቡና ላይ ተቀምጠን አንዲት ተማሪ የቤተሰብ ታሪክ ጻፉ ተብላ አያቷን ትጠይቃለች። ሰውየው የደባርቅ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። «አባባ፣ የእርስዎ አባት ምን ይሠሩ ነበር?» «ገበሬ ነበር።» «ሌላስ?» ጥቂት ቆይተው፣ «ዋልያም ይገድል ነበር። እሱን ግን አትጻፊ» አሏት።

ዛሬ ዋልያ የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ ነው፤ ማን ገደልኩ ይላል? ለድሮው የስሜን ደገኛ ግን ሥጋው ምግብ፣ ቀንዱ የጠላ ዋንጫ ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጠባቂ ሲቆም ያው ገበሬ በዚያው ገደል ተደብቆ የሚሄድ ሆነ። ጥበቃው ስህተት ነበር አልልም። ዋልያ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ አደኑም ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። ነገር ግን ጎተራው ባዶ የሆነበት አባት ይህን ሊያስብ አይችልም።

ድህነቱም በየአገሩ ይለያያል። ከየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የደቡብ ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ነበር። የሰሜኑ ርስት ቢኖረውም ማሳው በውርስ ሲከፋፈል ኖሮ ለልጅ የሚተርፈው ቁራሽ ነው። ከወሎ በመጣ ቤት ደግሞ የ1965 እና የ66ቱ ረሃብ አለ። የማይበላው የተበላበት ጊዜ ስለሆነ ልጆች ፊት በድንገት ባይነሳ ይሻላል።

ስለዚህ «አድነው ያውቃሉ?» ከማለት «ነሐሴን በምን ትሻገሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምርመራ ይመስላል፤ ሁለተኛው ወሬ ያመጣል። የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ተናጋሪው ይወስን፤ ደብተሩ አስተማሪ ጋ ይሄዳላ! ቤት ውስጥ አሮጌ የቀንድ ዋንጫ ካለ ከሱ ጀምሩ። የበሬ ቀንድ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የማን እንደነበረና ማን እንደጠጣበት ጠይቁ።