የተሰናበተው ሠራተኛና ያልተመለሰው ላፕቶፕ

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብዬ በብዙዎቻችን ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠ አንድ ዕቃ ላወጋችሁ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቆየ ወዳጄ ማታ ደወለልኝ። ቤቱ ሆኖ አንድን ኩባንያ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቡናውን ይዞ ቢቀመጥ ኮምፒውተሩ አላስገባው አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰናበቱ በስልክ ተነገረው። ላፕቶፑን ዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተና ሥራ ፍለጋ ገባ። በሦስተኛው ወር ከጠበቃ ደብዳቤ መጣለት፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ የኩባንያውን ንብረት አልመለሰም ይላል። «ኧረ ወንድሜ፣ እኔን ማን ጠይቆኝ!» አለኝ። ነገሩን ስናጣራ ሦስቱም ማሳሰቢያዎች የተላኩት ኩባንያው ራሱ በዘጋበት የሥራ ኢሜይል ነበር።

ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ በሙያዬ እንዲህ ዓይነቱን ማሳሰቢያ በሚልከው ወገን የተቀመጥኩባቸው ዓመታት አሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ላፕቶፕ ማስመለስ የአደራ ርክክብ ነው። ርክክቡን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ደግሞ ሌብነት ሳይሆን የቅደም ተከተል ስህተት ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን?

እንደሚታወቀው በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ቢሮውን ወደ ሳሎናችን አመጣው። ቀደም ሲል ሠራተኛ ሲሰናበት ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀር ነበር፤ አሁን ግን ከሰውዬው ጋር ቤቱ ይቀራል። ከዚያ የቅነሳው ማዕበል መጣ። ሜታ በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ፣ በጥር 2023 ደግሞ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ሠራተኞች እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲሰናበት በየቤቱ የቀረውን ዕቃ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ከተሰናባቾቹ መካከል በኤች-ዋን-ቢ ቪዛ የሚሠራው ሌላ አሠሪ የሚፈልግበት ወይም መኖሪያውን የሚያስተካክልበት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ካርቶንና ስለ ማሸጊያ ቴፕ ቢዘነጋ አይፈረድበትም።

ብረቱ ወይስ በውስጡ ያለው?

«ለአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይህ ሁሉ ግርግር?» የሚል አይጠፋም። በግንቦት 2006 በሜሪላንድ ግዛት ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት አንድ ላፕቶፕና አንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ተሰረቁ። ሠራተኛው የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞችና ተሰናባቾች መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር፤ በዕቃዎቹ ላይ የ26.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ያለ ምስጠራ ተቀምጦ ነበር። ዕቃዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላ ተገኙ፤ መረጃው እንዳልተነካም ተነገረ። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በ2009 ክሱን ለመዝጋት 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ባንክ ደግሞ ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒውተሮቹንና ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት መረጃ የማጥፋት ልምድ ለሌለው የዕቃ አጓጓዥ ድርጅት ሰጠ። ከዕቃዎቹ ከፊሉ የደንበኞችን መረጃ እንደያዙ በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። ጉዳዩ 15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞችን የሚነካ ሲሆን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2022 ባንኩን 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። እንግዲህ ላፕቶፑ መመለሱ ብቻ በቂ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ከተመለሰም በኋላ የት እንደሚገባና ማን እንደሚያጠፋው መታወቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉ

ኩባንያው የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራው ሠራተኛው በተቀጠረ ዕለት ነው። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መመስጠር፣ የመክፈቻ ቁልፉም በኩባንያው እጅ መቀመጥ አለበት። ይህ ከተደረገ ላፕቶፑ ቢጠፋ የሚጠፋው ብረቱ ብቻ ነው።

በስንብቱ ዕለት ቀድሞ የሚዘጋው በኩባንያው ሰርቨር በኩል ያለው በር ነው። ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ የተከፈተ መግቢያ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል እሱም አብሮ መቋረጥ አለበት። «ከሩቅ ሆነን እናጠፋዋለን» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ትእዛዙ የሚደርሰው ላፕቶፑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ትእዛዝ አይሰማም። በችኮላ ማጥፋትም ኩባንያው የሚፈልገውን ሰነድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ የመመለሻው መመሪያ በሰውዬው የግል ኢሜይልና ስልክ ይላክ። ካርቶኑና የመላኪያው ክፍያ የኩባንያው ይሁን። ሲሪያል ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ዕቃው ሲደርስም ደረሰኝ ይሰጥ። ይህን ለማድረግ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ የሰው ወግ ማወቅ ይበቃል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

ኩባንያዎች የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። በሐምሌ 2025 አንዲት የአሪዞና ነዋሪ ስምንት ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባት። በቤቷ «የላፕቶፕ እርሻ» ከፍታ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አሜሪካ የተቀመጡ መስለው ከ300 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ኩባንያዎች ተቀጥረው እንዲሠሩ ትረዳ ነበር። ፖሊስ በ2023 ቤቷን ሲፈትሽ ከ90 በላይ ላፕቶፖች ወሰደ። ሌሎች 49 ደግሞ ወደ ውጭ አገር፣ በሰሜን ኮሪያ ድንበር ወዳለች የቻይና ከተማ ጭምር፣ ልካ ነበር። ላፕቶፕ ከተመዘገበበት አድራሻ ውጭ ሲገኝ የደኅንነት ክፍሉ የሚደነግጠው በዚህ የተነሳ ነው።

ይህ እኛንም ይነካል። ከመካከላችን እናቱ ታማበት አዲስ አበባ ሁለት ወር ተቀምጦ ከዚያው የሠራ ሰው አይጠፋም። እዚያ እንዳለ ቢሰናበትስ? ወዲያው የሚታሰበው «ለሚመጣ ሰው ሰጥቼ እልካለሁ» ነው። ቡናና በርበሬ በሰው እጅ ይላካል፤ የኩባንያ ላፕቶፕ ግን አይላክም። የተሸከመው ሰው ጉምሩክ ላይ የማን እንደሆነ ማስረዳት አይችልም፤ መንገድ ላይ ቢጠፋም ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ ከተሰናበታችሁም የሚመለስበትን መንገድ ኩባንያው ራሱ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ባትሪው ካበጠም አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የተበላሸ ሊትየም ባትሪ በአውሮፕላን አይጫንም።

ደመወዝ መያዣ አይደለም

አንዳንድ አሠሪ «ላፕቶፑ ካልመጣ የመጨረሻ ደመወዝህ አይከፈልም» ይላል። ሕጉ እንደየአገሩና እንደየግዛቱ ቢለያይም የአሠሪው ፈቃድ ገደብ አለው። በካሊፎርኒያ የተባረረ ሠራተኛ የመጨረሻ ደመወዙ በዕለቱ ይከፈለዋል፤ ሆን ብሎ ያዘገየ አሠሪ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት አለበት። በእንግሊዝ በ1996 የወጣው የሥራ ሕግ ሠራተኛው በውሉ ወይም አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። መብቱ አለ ማለት ግን ላፕቶፑን በአጸፋው መያዝ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ለተሰናባቹ የምመክረው አጭር ነው። የልጆቻችሁን ፎቶና የግብር ወረቀታችሁን በሥራ ኮምፒውተር አታስቀምጡ፤ በሩ በደቂቃ ሊዘጋ ይችላል። ላፕቶፑን ራሳችሁ አታጥፉት፤ ማስረጃ አጠፋህ ሊያሰኝ ይችላል። የአፕል ከሆነ ግን የግል የአፕል መለያችሁ እንዳይቀርበት፤ ያለ እናንተ ፓስወርድ ለሌላ ሰው አገልግሎት የማይሰጥ ዕቃ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከማሸጋችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ የመላኪያውንም ደረሰኝ አስቀምጡ።

ወዳጄ ደብዳቤው በደረሰው ሳምንት ላፕቶፑን መለሰ፤ ጠበቃውም ዝም አለ። ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ወዳጄን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ሥራው አይደለም፤ አራት ዓመት አምኖ ያገለገለው ኩባንያ አንድ ስልክ ሳይደውል አደራ በላ ማለቱ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶቻችን። አደራው የሚጠብቀው ግን ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውም አደራውን ሲረከብ በወጉ ሊረከብ ይገባል።

ቸር ይግጠመን።