በጥድ ጥሻ ውስጥ የምታዜም ወፍ

ባለፈው ጥቅምት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ መናገሻ ደን ወጥቼ ነበር። ከጥዶቹ ሥር ካለው ጥሻ ውስጥ እጅግ ያማረ ዜማ ቢሰማን ሁላችንም ቆምን። እኔም የመምህርነት ችኩልነት ይዞኝ፥ ወፊቱን ሳላይ፥ «ይህች ደረቷ ብርቱካንማ፥ ቅንድቧ ነጭ የሆነችው ናት» ብዬ አስተማርሁ። አንዲት ልጅ ግን ተንበርክካ በቅጠሉ መካከል ስትመለከት ቆይታ፥ «መምህር፥ ይህችስ አመድማ ናት፤ ቅንድብም የላትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በማግሥቱ የሰሌዳውን ጽሑፍ ከልጅቱ ደብተር ላይ ገልብጬ አረምሁት።

እንግሊዞች ይህችን ወፍ «የሐበሻ የድመት ወፍ» ይሏታል፤ ዜማዋን ለሰማ ሰው ግን ስሙ አይገጥምላትም። ቁመቷ አንድ ስንዝር ያህል፥ ገላዋ አመድማ፥ ግንባሯ ነጣ ያለ ነው። ከጅራቷ ሥር በታች በኩል ያለው ላባ የሸክላ መልክ አለው፤ ይህም ዋና መለያዋ ነው። ሌላ አመድማ ወፍ፥ ይኸውም ዝንብ ቀላቢዋ፥ በዚያው ደን አለች፤ ነገር ግን እርሷ አነስ ያለች ስትሆን፥ በቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ተባይ ትጠብቃለች፤ የሸክላውም መልክ የላትም።

የኛይቱ ግን ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ ወንዱ ዜማውን ሲያፈስ ሴቲቱ በሚርገበገብ ድምፅ ትቀበለዋለች። የጥድ ፍሬና ሌላም የዱር ፍሬ፥ ተባይም ይበላሉ። መኖሪያቸው ጥድ፥ ኮሶና ቀርከሃ የሚበቅልበት የደጋ ደን ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ጌሬን ሜንቪል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ መልኳን ጽፎ፥ አገራችንን በተጓዘው በጋሊንዬ ስም ሰየማት። ሊቃውንት ዘመድዋን ለማወቅ ብዙ ደክመዋል፤ በቅርብ ዘመን የተደረገው የዘር ምርመራ ሲልቪያ ከሚባሉት ትንንሽ ወፎች ወገን አድርጓታል።

በሰፈራችን ደብር ግቢውን ለማስዋብ ሲባል ከዛፎቹ ሥር ያለው ጥሻ ይመንጠር የሚል አሳብ ቀርቧል። ዛፍ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ጉዳት የለውም ይባላል። እርሷ ግን የምትሸሸገው በዚያው ጥሻ ውስጥ ነው። እኔም ዜማዋን የሰማሁበት የሰሜኑ ወገን እንዲቀር ሽማግሌዎቹን ለምኛለሁ፤ ልጅቱንም ይዤ ሄጄ ነበር። በመጪው እሑድ እንመካከርበታለን ብለውናል።