መመርመር ሌላ፣ ኪኒን መጀመር ሌላ

ድባቴ የያዘው ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያወጣ የሚያወርደው "ኪኒን ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?" የሚለውን ነው። ይህ ግን ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ መድኃኒት ለመዋጥ ቃል መግባት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገን በማየታችን ኪኒኑን የፈራ ሁሉ ምርመራውንም ይሸሻል፤ ሕመሙም ሥር ይሰዳል።

ምርመራው በአብዛኛው ጥያቄና መልስ ነው። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይበላልዎታል? ድሮ ደስ ይልዎ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል? ሥራዎን መሥራት አቅቶዎታል? ሞትን ተመኝተዋል? ባለሙያው ሁኔታው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየቱን ያጣራል፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ እነሱንም ያያል። ድባቴው ቀላል ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመድኃኒት ጀምሩ አይልም፤ ምክርና የንግግር ሕክምና ይቀድማሉ። መካከለኛ ወይም ከባድ ሲሆን ነው መድኃኒት፣ የንግግር ሕክምና ወይም ሁለቱም የሚታሰቡት። ለዚህ ደግሞ የግድ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አያሻም፤ በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የተካሄደው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሕክምናውን መስጠት እንደሚችሉ አሳይቷል።

"ኪኒኑ ሱስ ያስይዛል" የሚለው ስጋት ሊናቅ አይገባውም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች እንደ መጠጥ አምጣ አምጣ አያሰኙም፤ በድንገት ሲቋረጡ ግን ማዞርና መረበሽ ሊያመጡ ስለሚችሉ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቶሎ ቢያቋርጥ አይገርምም። "ችግሬ የኑሮ ነው" የሚለውም እውነት አለው፤ ኪኒን ሥራ አያስገኝም። ነገር ግን ድባቴ ሥራ የሚፈለግበትን ጉልበት ይነጥቃል። "ፀበል ይበቃኛል" ለሚሉ ደግሞ የያኔው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር። ለድባቴም ያው ነው፤ ፀበሉም ሕክምናውም እርስ በርስ አይጣሉም።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ካለፈና የዕለት ኑሮ ከተሰናከለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ስለ ኪኒኑ እዚያው ተመካክረው ይወስናሉ። የመሞት ሐሳብ ካለ ግን ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ የቅርብ ሰዎች ታማሚውን ብቻውን ሳትተዉ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት።